ከብቶቹ ቀድመው የገቡ ዕለት

ወረታ በሙሽርነት በገባሁ ሰሞን አማቴ፣ የባሌ አባት፣ በየምሽቱ ከአንድ ሰው ጋር የሚካሰሱ መስሎኝ ነበር። የመግሪብን፣ የጀንበር መጥለቂያውን፣ ሶላት ሰግደው ሲመለሱ ወደ ጓዳ ይገቡና «ተጠየቅ!» ይላሉ። ወዲያው ደግሞ ቀጠን ያለ ድምፅ «ልጠየቅ!» ብሎ ይመልሳል። አንድ ምሽት እንግዳው እንዳይታዘበን ብዬ በሁለት ዋንጫ የአብሽ ውሃ ይዤ ገባሁ። አጎዛው ላይ የተቀመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለቱን ዋንጫዎች አዩና «አንዱ ለተከሳሹ ነው? ደግ አደረግሽ፣ ጉሮሮው ደርቋል» ብለው ሁለቱንም ጠጡ።

ሥራቸው ጨርቅ መሸጥ ነበር። ቀን የተናገሩትን፣ የለኩትን፣ የተቆጡትን ሁሉ ማታ እያነሡ ራሳቸውን ይሞግታሉ። «የአላህ ችሎት ከባድ ነው፤ እዚህ ግን ከሳሹም ተከሳሹም እኔ ስለሆንሁ ትንሽ ይቀለኛል» ይሉ ነበር። የሚያስቀው ነገር፣ ተከሳሹ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይፈረድበታል። በተረታ ማግስት አማቴ ይቅርታ የሚጠይቁት ሰው ፍለጋ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ባላገር ስታጫውታቸው ሳያዳምጡ «እሺ፣ እሺ» በማለታቸው ብቻ በሚቀጥለው ገበያ ሴትዮዋን ፈልገው አግኝተው «ምን ነበር ያልሽኝ?» ብለዋታል። እሷ ረስታዋለች። የባሌ እናት ታዲያ «እኔ የተዳርሁት ለሰው ሳይሆን ለችሎት ነው» እያሉ ያሾፉባቸዋል።

ሰፈሩ ግን የሚያውቃቸው በአዛናቸው ነው። ድምፅ ማጉያ ገና አልመጣም። ከመስጊዱ በር ላይ ቆመው ለሶላት ሲጣሩ ድምፃቸው ከከተማው ዳር ካሉት ጎጆዎች አልፎ ሜዳው ድረስ ይሄዳል። ሰማይ በጠራ ቀን ፀሐይዋ በጣና በኩል ስትጠልቅ በዓይናቸው አይተው ይጣራሉ። በደመና ቀን የሚያዩት ግን ከብት ነበር። አንድ ክርስቲያን ጎረቤታችን ብዙ ላሞች ነበሩት፤ ከፎገራ ሜዳ ሲመለሱ በመስጊዱ ሥር የሚያልፉት ሁልጊዜ ልክ ፀሐይ ስትገባ ነው። የመጨረሻዋ ላም ስታልፍ አማቴ ጣታቸውን ወደ ጆሯቸው ይወስዳሉ። ይህን ብልሃት ከአባታቸው ወርሰውታል፤ አንድም ቀን አሳስቷቸው አያውቅም።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ ረመዳን በሰኔ ዋለ። አንድ ቀን ሰማዩ ከቀትር ጀምሮ ጠቁሮ ዋለ፤ ጥላ የሚባል ነገር አልታየም። ለካ የርብ ወንዝ ሊሞላ ነው የሚል ወሬ ሜዳው ላይ ተነዝቶ፣ እረኞቹ ደንግጠው ከብቱን ያለ ጊዜው ወደ ቤት ነድተውታል። እኛ ከተማ ያለነው ይህን ከየት እንወቀው? ላሞቹ አለፉ፣ አማቴ ተጣሩ፣ እኛም ቢስሚላህ ብለን አፈጠርን፣ ጾማችንን ፈታን።

ሾርባዬን ሁለተኛ ጊዜ ፉት ስል ግድግዳው ላይ ብርሃን ወደቀ። ነፋሱ ደመናውን ከጣና በኩል ገፎት ፀሐይዋ ጉብ ብላ ታየች፤ ለመጥለቅ ሐሳቡም ያላት አትመስልም። የባሌ እናት የጎረሱትን ይዋጡት ይትፉት ቸግሯቸው ጉንጫቸውን ነፍተው ቀሩ። ባሌ ቂጣውን ከጀርባው ደበቀ፤ ከማን እንደደበቀው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከጎረቤት ሳቅና ጩኸት ተሰማ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። አማቴ ከመስጊድ ሲመለሱ ፊታቸውን አየሁና ሳቄን ዋጥሁት።

የመስጊዱ ሼህ ነገሩን አቀለሉት። ሳያውቁ ያፈጠሩ ሰዎች ኃጢአት የለባቸውም፤ ያን ቀን ግን ከዒድ በኋላ ሌላ ቀን ጾመው ይተኩታል። በቃ። በማግስቱ ያ የላሞቹ ባለቤት ገበሬ አፍሮ ቤታችን ድረስ መጣ።

«በላሞቼ የተነሣ ጾማችሁ ፈረሰ አሉኝ። እኔም የሰኔን ጾም ይዣለሁና ነገሩ ይገባኛል» አለ።

«ላሞቹ ምን አጠፉ?» አሉት አማቴ። «እነሱ አይጾሙ። ሰማዩን ትቼ ጅራት ስመለከት የነበርሁ እኔ ነኝ።»

ገበሬው እንዲስቅ ይሁን እንዳይስቅ ግራ ገብቶት ሄደ። አማቴ ግን የምራቸውን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዛኑን ተዉት። ቦታቸውን የያዘው አንድ ቆዳ ነጋዴ ነው፤ ልቡ ደግ፣ ድምፁ ግን የተሰነጠቀ ገንቦ። ሲጣራ የሰፈሩ ውሾች አብረውት ያላዝናሉ፤ ከሦስተኛው ቤት በኋላ ደግሞ የሚሰማው የውሾቹ ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ ፀሐይዋን በዓይኑ ስላየ ቀኑን እንደሚተካ ያውቃል። ያላወቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ከከተማው ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት፣ የጎጇቸው በር ወደ ምሥራቅ የዞረ፣ ጉልበታቸው ከደጃፋቸው የማያሳልፋቸው። የሚያፈጥሩት የአማቴን ድምፅ ሰምተው ነው፤ ያን ቀንም ሰምተው አፍጥረዋል።

«ይተዉዋቸው» አሉ የባሌ እናት። «ረመዳኑን የሚጾሙትም እየተንገዳገዱ ነው። ያላወቁትን አላህ አይጠይቃቸውም።»

አማቴ ጓዳ ገቡ። እኔ ጆሮዬን ጣልሁ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ያን ችሎት መስማት እወድ ነበር።

«ተጠየቅ! ለባልቴቷ የማትነግራቸው አዝነህላቸው ነው?»

«ልጠየቅ! አዎ፣ አዝኜ ነው።»

«ሌላው ሰው ስህተትህን በዓይኑ አየ። ለእሳቸው ግን በአፍህ መናገር አለብህ። አፍረህ እንዳይሆን?»

«ሁለቱም ነው» አለ ቀጭኑ ድምፅ።

ፍርዱን ጠበቅሁ። ፍርድ አልመጣም። እንዲያ ሲሆን ሰምቼ ስለማላውቅ ለእሳቸው ፈራሁላቸው። በማግስቱ የከሰዓቱን ሶላት ሰግደው ሲመለሱ «ልጄ፣ ሾርባውን ያዢና ተከተይኝ» አሉኝ። ጭቃው ጫማችንን እየጎተተ ባልቴቷ ቤት ደረስን። አማቴ ሳይቀመጡ፣ ላሞቹንም ነፋሱንም ሳያስቀሩ፣ ሁሉንም ነገሯቸው።

ባልቴቷ እስኪጨርሱ አዳመጡና «ይህን የነገርኸኝ እኔ ጾሜን እንድተካ ነው ወይስ አንተ እንቅልፍ እንዲወስድህ?» አሏቸው።

«ሁለቱም ነው፣ እማማ።»

«እንዲያ በለኝ። እጾመዋለሁ።»

«እርስዎ ደካማ ነዎት። ቢፈቅዱልኝ በቀኑ ፈንታ ድሃ ላብላልዎ።»

«ድሃዋ እኔ ነኝ፤ ማንን ልታበላ ነው?» አሉና ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። «አብረኸኝ ትጾማለህ። መግሪቡንም እዚሁ ደጄ ላይ ሆነህ ትጣራልኛለህ።»

አማቴ አዛን መተዋቸውን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ባልቴቷ ሾርባውን ከእጄ ተቀብለው ስለ ቅመሙ ይጠይቁኝ ጀምረዋል።

ዒድ አልፎ ሁለቱ በተስማሙበት ቀን ጾሙ። እኔም ያን ቀን እዳዬን አብሬያቸው ጾምሁ። ወደ ማታ ሾርባ፣ ቂጣና ውሃ ይዘን ሄድን። የሰኔና የሐምሌ ሰማይ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም፤ ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠርቶ ነበር። አማቴ ፀሐይዋን ለማየት ከጎጆዋ ጀርባ ዞሩ። ስትጠልቅ አዩ፤ እኔም አየሁ። ተመልሰው መጡና «ትንሽ እንቆይ» አሉ። እንደገና ዞሩ። «ቅላቱ ገና አልጠፋም» አሉ። ሦስተኛም ዞሩ። ባልቴቷ ዋንጫውን ጭናቸው ላይ ይዘዋል፤ ደጋግመው ወደ አፋቸው አስጠግተው ይመልሱታል። ንድድ አለኝ። ሙሽራ አፏን በአማቷ ላይ አትከፍትምና ጥርሴን ነከስሁ።

«ዶሮዎቼ ቆጥ ላይ ከወጡ ቆዩ» አሉ ባልቴቷ።

«እማማ፣ በላም ተሳስቼ ደግሞ በዶሮ ልሳሳት?»

እኔ ፍርፍር ብዬ ሳቅሁ። ባልቴቷ አልሳቁም።

«ስማኝ» አሏቸው። «አንተ አዛኑን ከተውህ ወዲህ እዚህ ቤት አዛን ደርሶ አያውቅም። የዚያ ሰውዬ ድምፅ እንኳን እኔ ጋ፣ ከመስጊዱ አጥር አያልፍም። የቀረውን ረመዳን በየቀኑ ጨለማው ግድግዳዬን እስኪውጠው ተቀምጬ ነው ያፈጠርሁት። ያን ዕለት ሳታውቅ አስቸኮልኸኝ፤ ያ ምንም አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ራስህን ቀጣሁ ብለህ ስትቀመጥ፣ የተራብሁት እኔ ነኝ።»

አማቴ ስንት ነገር በጓዳ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰምቻቸው አውቃለሁ፤ ይህ ክስ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።

ከዚያ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ በኩል፣ ዞሩ፣ ጣታቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ ተጣሩም። መጀመሪያው ላይ ድምፃቸው ሰለለ። ወዲያው ግን ተከፈተና ሜዳውን ሞላው። ከእኛ በቀር የሚያፈጥር የሌለበት ተራ ቀን ነበር፤ ቢሆንም ከየቤቱ ሰዎች ወጥተው ወደኛ ያዩ ጀመር። አንዲት ሴት «እሳቸው ናቸው!» ስትል ሰማኋት። ባልቴቷ ውሃውን ጠጡ፣ በረጅሙ ተነፈሱ፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ዋንጫውን እንድሞላው ሰጡኝ።

አማቴ አዛኑን ጨርሰው እንደቆሙ ናቸው። ራሳቸው አለማፍጠራቸው ትዝ ያላቸውም አይመስልም። ባልቴቷ የሞላሁትን ዋንጫ ዘረጉላቸው።

«ጠጣ» አሏቸው። «ነገ እዚህ ድረስ አትልፋ። ከቦታህ ሆነህ ተጣራ፣ እኔ እሰማሃለሁ።»