አውቶቡስ ሙሉ ባዶ እግር

ነገሩ የሆነው አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰመር ላይ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ሥራ ቦታም ብሆን ብቻዬን እስቃለሁ።

ያኔ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ፍሮግታውን ሰፈር ከእህቴ ጋር እየኖርኩ ሆም ኬር፣ ሽማግሌ በየቤቱ የመንከባከብ ሥራ፣ እሠራ ነበር። የምንከባከባቸው አሮጊት፣ ሚስስ ካሮል፣ ከሰፈራቸው ሽማግሌዎች ጋር በመርከብ ግሪክን ሊጎበኙ ተነሡ። «እጄን የሚይዘኝ ሰው እፈልጋለሁ» ብለው እኔን ይዘውኝ ሄዱ። እኔ ደግሞ እንኳን ላወራ፣ የማላውቀውን ሰው ሰላም ስል እንኳ ያልበኛል።

አንድ ቀን መርከባችን ወደብ ላይ ቆመና በአውቶቡስ ለጉብኝት ወጣን። ጠዋት ያየነው ፍርስራሽ ነው። ጣሪያ የለው፣ ግድግዳ የለው፣ ምሰሶ ብቻ። እኛ ሰፈር ቢሆን ጅምር ቤት ነው የሚባለው። አስጎብኚዋ «የአማልክት ቤት ነበር» አለች። በዚያ ፀሐይ ጥለውት ቢሄዱ አልፈርድባቸውም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጥንታዊ ገዳም ደረስን። አስጎብኚዋ ትኬታችንን ሰጥታን ከሹፌሩ ጋር ሲጋራ ልታጨስ ቀረች። እኔ በሩ ላይ የማርያምን ሥዕል ሳይ ጊዜ እንደለመድኩት ጫማዬን አውልቄ ደጁን ተሳለምኩ። ሚስስ ካሮልም ምንም ሳይጠይቁ እግራቸውን ዘረጉልኝ። የእሳቸውንም አወለቅሁ።

ዞር ስል አውቶቡስ ሙሉ ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታል! የሚኒሶታ ሰው ጨዋ ነው፤ የቤቱ ደንብ ከመሰለው ለምን ብሎ አይጠይቅም። «ተዉ፣ ይሄ የእኛ አገር ልማድ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ሁሉም በካልሲ ገቡ።

ስንወጣ አስጎብኚዋ «ኑ፣ መርከቡ አይጠብቅም!» እያለች መጣች። የጫማውን ክምር አይታ ደነገጠች። ሁሉም ነጭ ስኒከር ነው፣ ተደበላልቋል። ተቀምጦ መፍታቱስ ቀሎ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ክር የሚያስር ወገብ ያለው ሰው ግን የለም።

«የእኔን ጠዋት ያሰረችልኝ ሚስቴ ናት» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ «እሷ መርከቡ ላይ ቀርታለች።»

የሚስስ ካሮል የማታ የልብ መድኃኒት መርከቡ ውስጥ ነው። መርከቡ ከሄደ ምን ልሆን ነው?

ተንበርክኬ ማሰር ጀመርኩ። አንዲት ግሪካዊት እማሆይ ወጡ። ጫማውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ከዚያ አጠገቤ ተንበርክከው የሽማግሌውን ክር ይስቡ ጀመር።

«ኧረ ቀስ! ሚስቴም እንዲህ አታጠብቅም!» ብለው ሽማግሌው ጮኹ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አስጎብኚዋ ግን አልሳቀችም። «ማነው አውልቁ ያላችሁ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። በዚያ ጉዞ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

«ደግ አደረገች» አሉ ሚስስ ካሮል፤ «እግሬ ነፋስ አገኘ።»

ወደቡ ስንደርስ የመርከቡን መወጣጫ ሊያነሡ ነበር። ከዘራ የሚይዙ ሰዎች እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ግማሾቹ የሮጡት በሰው ጫማ ነው። ሚስስ ካሮል መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ዋጡ።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ስነግራት «አፍ የላትም ብለን ስንሰጋ፣ አንቺ አውቶቡስ ሙሉ ፈረንጅ ጫማ አስወልቀሽ መጣሽ?» ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች።

ዛሬ አላፍርበትም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግን ጫማዬን ከማውለቄ በፊት ከኋላዬ ማን እንዳለ ዞር ብዬ አያለሁ።