የጉርሙ ትንሿ ሳልባትዮ

ጉርሙ ሲጋራ የጀመረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ባኮ ላይ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ ነው። አርባ አራት ሲሞላው የሰው አይሱዙ እየነዳ፣ ከባኮ በቆሎ ወደ ጎጆ ከተማ፣ ከጎጆ ድንች ወደ ባኮ እያመላለሰ ይኖር ነበር። ቤቱ መሃል ላይ፣ አምቦ ነው። ያን ዓመት ሳሉ አልለቀው ሲል ሚስቱ ጣቢታ እየገፋች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የደረቱን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አየው።

"ዶክተር፣ ይንገሩኝ እንጂ" አለ ጉርሙ።

"ሳንባዎ ደክሟል። ሲጋራውን ካልተዉ በሁለት ዓመት ውስጥ መኪናዎ ላይ መውጣት ያቅትዎታል። ያን ጊዜ ቢመጡም የማደርግልዎ ብዙ ነገር አይኖረኝም።"

ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ነበር። አንዴ በከረሜላ፣ አንዴ በጫት፤ ሦስተኛው ላይ የጣቢታ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት፤ ዐሥራ አንድ ቀን ቆየ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጉደር ድልድይ አጠገብ መኪናውን አቁሞ ሁለት በአንድ ላይ ለኮሰ። ጣቢታ ልብሱን አሽትታ አወቀች። አልጮኸችም። ልብሱን ወስዳ ዘፈዘፈችው።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ታናሽ እህቱ ቢፍቱ ከዱባይ ስትመለስ አንድ ነገር አመጣችለት። በባትሪ የሚሠራ፣ ላዩ ላይ ትንሽ የመስታወት ማጠራቀሚያ ያለው የኤሌክትሪክ ሲጋራ ነው። ከእሱ ጋር የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ የሚያክሉ ሦስት የፈሳሽ ጠርሙሶች ሰጠችው። "እዚያ ስንቱ ሲጋራ የተወው በዚህ ነው። ሲያልቅ እየሞላህ ትስባለህ፤ ቀስ እያልክ ትቀንሳለህ" አለችው። ጉርሙ ማጠራቀሚያውን ሲያይ፣ ሾፌር ነውና የመኪናው ነዳጅ ታንከር ትዝ ብሎት "ሳልባትዮ ነዋ!" ብሎ ሳቀ። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ሠራለት። ዘጠኝ ቀን ሲጋራ በአፉ አልዞረም። ጣቢታ ግን አላመነችም። "ያው ጭስ ነው፣ ልብሱን ቀይሮ የመጣ" አለች።

በዐሥረኛው ቀን ጎጆ ደርሶ እጁን ኪሱ ሲከት ጣቶቹ ረጠቡ። ሳልባትዮዋ ግማሽ ደርሳለች፤ ፈሳሹ ከታች በአየር መግቢያዋ ቀዳዳ ወጥቶ ሸሚዙን አጣብቆታል። ሲስባት እንደ ጉሮሮ ተንኮረኮረችና መራራ ጠብታ ምላሱ ላይ ተፋችበት። በማግስቱ አጥብቆ አሰራት፤ ለካስ ሲያጠብቅ የውስጧን የጎማ ቀለበት ቆርጦት ኖሯል፤ ባሰባት። ፈሳሹን አሙቆ ለሚያተነው ኮይልም ለጎማውም መለዋወጫ በአገር ውስጥ ፈልጎ አላገኘም። አንዱ ሱቅ ጭራሽ "ይሄ እኮ የተከለከለ ነው፣ እዚህ አታሳየኝ" ብሎ መለሰው።

በቀን ሁለቴ የሚያልቅ ፈሳሽ ሆነ። አንዱ ጠርሙስ በሳምንት ውስጥ ኪሱ ላይ ተደፍቶ አለቀ። ጉርሙ ጭንቅ ያዘው። ይህቺ ዕቃ ከእጁ ከወጣች ወዴት እንደሚመለስ ያውቀዋል፤ ከዚያ የሚመጣውንም ራጁ ላይ አይቶታል።

አምቦ ገበያ ዳር ሰዓት የሚጠግኑ ኦቦ ወሰኑ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ጉርሙ እዚያ ሄዶ ዕቃውን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረው።

"ኦቦ ወሰኑ፣ በፈጠረዎት ይህችን ነገር ያድኑልኝ።"

"ምንድን ናት?"

"ሲጋራ ማስተዊያ ናት። ታፈሳለች።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አጥልቀው ፈታቷት። ኮይሉ እስከ ጥጉ አልገባም ነበር፤ መለሱት። የመዝጊያዋን ጥርስ በብሩሽ አጸዱት። ከሰዓት ክዳን ሥር የሚገባ ጎማ ቀለበት ሦስት ሞክረው አራተኛው ልክ ሆነ። "ስትሞላትም" አሉት፣ "መሃሏ ላይ ያለው ቧንቧ የጭሱ መውጫ ነው፤ እዚያ ፈሳሽ ከገባ በታች በኩል ይወርዳል። በጎን በጎኑ አፍስስ። አታስተኛት፣ አቁማት።" ከዚያ በነጭ ወረቀት ላይ አቁመው ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ተዉአት። ወረቀቱ አንድ ነጥብ አልነካውም።

ጉርሙ እጃቸውን ሊስም ደረሰ።

አራት ቀን አምቦና ባኮ ሲመላለስ ሳልባትዮዋ ደረቅ ነበረች። በአምስተኛው ቀን በቆሎ ጭኖ፣ ጊንጪ ላይ ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ ጎጆ ወጣ። ኪሱ እንደገና ርሶ ቆየው። መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። አምቦ አታፈስም፣ ባኮ አታፈስም፣ ጎጆ ታፈሳለች። ኦቦ ወሰኑ ይህን ሲሰሙ ዕቃዋን ገልብጠው ገልብጠው አዩና "ልጄ፣ እኔ ጋ ጤነኛ ናት፤ ከዚህ በላይ አላውቅም" አሉት። ከእሳቸው ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም።

በታኅሣሥ መጨረሻ የበቆሎው ባለቤት ኦቦ አመዩ ጋቢና አብረውት ተሳፍረው ወደ ጎጆ ወጡ። ውርጭ ስለነበር ጉርሙ ሹራብና ጃኬት ደርቧል፤ ሳልባትዮዋን አፏ ድረስ ባይሆንም ከግማሽ በላይ ሞልቶ በደረት ኪሱ አቁሟታል። አቀበቱ ላይ ምራቁ አፉን ይሞላው ጀመር። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ላብ፣ ቀጥሎ ልቡ እንደ ከበሮ። ጎጆ መግቢያው ላይ ዓይኑ ሲጭበረበርበት ፍሬኑን ይዞ መኪናውን ዳር አስያዘ፤ በሩን ከፍቶ አስመለሰ።

"ያ ዋቃ! ጉርሙ፣ ምን ሆንክ?" አሉ ኦቦ አመዩ።

"ሳንባዬ ነው" አለ። "ሰዓቴ ደረሰ መሰለኝ። ለጣቢታ... በሲጋራ እንዳልሞትኩ ይንገሯት።"

ኦቦ አመዩ የፈረስ ጋሪ አስቁመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ተረኛዋ ነርስ ሃዋኒ ትባላለች። የልብ ምቱን እየቆጠረች ወደ ደረቱ ጎንበስ አለችና ፊቷን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደደች።

"ምንድን ነው እንዲህ እንጆሪ እንጆሪ የሚሸተው?"

ጃኬቱን ስትገልጥ ሹራቡም ሸሚዙም ከሥር ቆዳው ድረስ ርሷል። ጉርሙ በተቆራረጠ ቃል ነገራት። ሃዋኒ ሌላ ነገር አልጠየቀችም፤ ጓንት አጥልቃ ልብሱን በሙሉ አወለቀችው፣ ደረቱን በሳሙናና በብዙ ውሃ ደጋግማ አጠበችው። "ይሄ እኮ የኒኮቲን መርዝ ነው። በቆዳም ይገባል። ሁለት ሰዓት ሙሉ መርዝ ታቅፈው ነው የመጡት!"

ከሰዓት በኋላ ልቡ ረጋ። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቶ፣ ከሕመሙ ይልቅ ያ እንቆቅልሽ አላስቀምጥ አለው።

"እህቴ፣ አምቦ ላይ ጠብ አትልም። እዚህ ስትመጣ ነው የምታፈስ። ምን አድርጌያት ነው?"

ሃዋኒ ሳቀች። "እኔ የባኮ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ እዚህ ስመደብ ሻንጣዬን ስከፍት ቅባቴ ሁሉ ልብሴ ላይ ፈስሶ አገኘሁት፤ የብስኩቱ ላስቲክ ደግሞ እንደ ኳስ ተነፍቷል። ቆላ የታሸገ አየር ደጋ ሲወጣ ያብጣል። ሳልባትዮዎ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ያለው አየር ሲያብጥ ፈሳሹን ወደ ታች ይገፋዋል። ዕቃዎ አልተበላሸም፤ ተራራው ነው።"

ጉርሙ ያን ሁሉ ቀን የተጨነቀበት ነገር ይህ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጊንጪ ላይ፣ ከመታጠፉ በፊት፣ ፈሳሹን ወደ ጠርሙሱ ይመልሳል፤ ባዶዋን በላስቲክ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ሦስቱንም ደረቅ አገኛት። ግን ምን ዋጋ አለው፤ አብዛኛው ፈሳሽ ሸሚዝ ላይ አልቋል። ሃዋኒም "እሱም ቢሆን መድኃኒት አይደለም፤ ያለችዎትን እየቀነሱ ጨርሱና ይገላገሉ" ብላዋለች። የቀረችውን በጠብታ እየለካ ጥር አጋማሽ አደረሳት። ከዚያ ጠርሙሱን ቢጨምቀው አየር ብቻ ወጣ።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አልነበረውም። በአራተኛው ቀን ጉደር ላይ አንድ ሲጋራ ገዛ። እስከ ፊልተሩ ድረስ ሳበው፤ ጎማው ላይ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ አሳለው። ቀሪውን መንገድ እንዴት እንደነዳ አያውቀውም። ቤት ሲገባ ጣቢታ ልብሱን ሳታሸት በፊት ራሱ ተናገረ።

"አጨስኩ። አንድ። ነገም የማጨስ ይመስለኛል። አቃተኝ፣ ጣቢታ።"

ጣቢታ በወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ጃኬቱን ተቀብላ ሰቀለችና "የዓመት ፈቃዴ አልተነካም" አለች። "ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።"

ስምንት ቀን ጋቢና ተቀምጣ ባኮም ጎጆም ወጣች ወረደች። በየኪዮስኩ ፊት ለፊት ሲያልፉ እጇን ጭኑ ላይ ታኖራለች። ተናደደባት፣ ሰደባት፣ አንዴም "ውረጂ!" ብሎ ጮኸባት። አልወረደችም።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ጉርሙ ብቻውን ጫነ። ጊንጪ መታጠፊያው ላይ አቁሞ ደወለላት።

"የት ደረስክ?"

"ጊንጪ። ፊት ለፊቴ ሱቅ አለ።"

"ገዛህ?"

"ገና አልገዛሁም።" መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። "ከበደኝ ዛሬ።"

"ስልኩን አትዝጋው" አለች። "መቀመጫው ላይ፣ ድምፁን ከፍተህ አስቀምጠው። እኔም ፋይሌን እየደረደርኩ ነው፤ ዝም ብትልም እሰማሃለሁ። ንዳ።"

ጉርሙ ሞተሩን አስነሣ። ከስልኩ የወረቀት መንኮሻኮሽ፣ የሴቶች ወሬ፣ አንዳንዴም "አለህ?" የሚል ድምፅ ይሰማል። እሱም "አለሁ" ይላል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ጉርሙ አንዴ ወደ ስልኩ፣ አንዴ ወደ መንገዱ አየና፣ ማርሹን ቀንሶ ወደ ላይ ቀጠለ።