ምንጣፍ የለበሰ መድረክ

ቦንጋ ተመድቤ እንደምሠራ ስናገር ሰው ሁሉ "ታድለሽ! አረንጓዴ አገር!" ይለኛል። አረንጓዴነቱን ማን ካደ? አረንጓዴ ያደረገው ዝናብ ግን ወረቀቴን ሲያበሰብስ፣ ጭቃው ጫማዬን ከእግሬ ሲነጥቀኝ፣ ባለ ባጃጁ ዳገቱ ሥር ገትሮኝ "ከዚህ በላይ አይወጣም፣ ውረጂ" ሲለኝ ያየ የለም። ያሳደገኝ የደሴ ብርድ ቢያንስ ደረቅ ነው። ያም ሆኖ፣ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ንድፍ ሳስተምር ቆይቼ አንድ ቀን የዞኑ ሰዎች መጡና "ከከተማው ዳር፣ ጫካው ሲጀምር ባለው ተዳፋት ላይ የባህል ጭፈራ የሚታይበት ቴአትር ልንሠራ ነው፤ ንድፉን አንቺ ሥሪልን" ሲሉኝ ከደስታ ብዛት የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ምን ላድርግ፣ ያኔ ኮሚቴ የሚባለውን ነገር አላውቀውም ነበር።

ቦታው ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቶ ነው የጠበቀኝ። ተዳፋቱ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው፤ ከታች ሜዳ፣ ከሜዳው ጀርባ ትልልቆቹ ዛፎች። ላይ ተቀምጦ ታች የሚወራው ጥርት ብሎ ይሰማል። አፈሩን በደረጃ እቆርጠዋለሁ፣ ሣር አለብሰዋለሁ፣ ሰው ሣሩ ላይ ይቀመጣል፣ መድረኩ ከታች ይሆናል፣ አንድም ዛፍ አይነካም፤ አለቀ። አለቀ ብዬ ነበር እኔ የዋኋ።

መድረኩ ለማን እንደሚሠራ ደግሞ ከሁሉም በላይ አውቅ ነበር። ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ የዞኑ የጭፈራ ቡድን መሪ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ከአስተማሪነታቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ቡድኑን ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ አልለቀቁትም። በቡድኑ ውስጥ የማይሻር ደንብ አለ። ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ ከበሮው ይጀምራል፣ ጋሼ ምቱ ልኩ ላይ መድረሱን ሲያረጋግጡ በእጃቸው የያዙትን ጭራ ወደ ላይ ያነሳሉ። ጭራው ካልተነሳ፣ ከበሮው ቆዳው እስኪቀደድ ቢመታ አንድ ሰው እግሩን ንቅንቅ አያደርግም።

መጀመሪያ ላይ ጋሼ ኩራተኛ ይመስሉኝ ነበር። ከኋላቸው ሆኜ "እንደምን አደሩ" ስላቸው ዝም። በር ላይ ቆሜ ስጣራ ዝም። "ምን አጠፋሁ?" እያልኩ ከረምኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን የቤታቸው የጣውላ በረንዳ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ ከበረንዳው በዚያኛው ጫፍ በርበሬ ይወቅጣሉ። ጋሼ ጀርባቸውን እንደሰጧቸው፣ ዞር እንኳን ሳይሉ፣ "ዛሬ ክንድሽ ሰነፈ፣ ደከመሽ እንዴ?" አሉ። እኔም ከኋላቸው ቆሜ "ጋሼ፣ እኔ ስጠራዎት የማይሰሙ ሰውዬ ሙቀጫውን እንዴት ሰሙት?" አልኩ። መልስ የለም። እትዬ ዘነዘናውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሼም ዞረው ፊቴን ሲያዩ እንደገባኝ ገባቸው።

በባዶ እግራቸው ጣውላውን መታ መታ አደረጉና "በዚህ ነው የምሰማው" አሉኝ። "ጆሮዬ ከሄደ ቆየ፣ ልጄ። ሰው ፊት ለፊት ሲያወራኝ ከከንፈሩ እለቅማለሁ። ከበሮውን ግን በእግሬ ነው የማገኘው፣ ጣውላ ሲሆን ወይ ደረቅ መሬት ሲሆን። የዞኑ አዳራሽ ሲሚንቶ ነው የገደለኝ፤ እዚያ ላይ ጭራዬን የማነሳው በግምት ነው። ለማንም እንዳትናገሪ። የባህል ቢሮው ከሰማ ጋቢ አልብሰው፣ አጨብጭበው ይሸኙኛል። ከዚያ ወዲያ ምን ልሆን ነው? እዚህ ተቀምጬ ሙቀጫ ላዳምጥ?"

ማልኩላቸው። ያ መሐላ ነው እንግዲህ ጉድ ያደረገኝ።

ቦንጋ ውስጥ መሬቱ የሚደርቀው ስንት ቀን ነው? ስለዚህ መድረኩን ከመሬት ከፍ ያለ የጣውላ ወለል አድርጌ ነደፍኩት፤ ሥሩ ባዶ ሆኖ እንደ ከበሮ ሆድ እንዲያስተጋባ፣ ከበሮ መቺዎቹም እዚያው ጣውላ ላይ እንዲቀመጡ። ንድፉን ይዤ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ከሰዎቹ መካከል ማንም ወለሉን አላየም። የመጀመሪያው ጥያቄ "የክብር እንግዶች የት ነው የሚቀመጡት?" የሚል ነበር።

"ሣሩ ላይ፣ ከሕዝቡ ጋር" አልኩ። ሳቁብኝ።

ታች እንዳይቀመጡ፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ እግሩን በራሳቸው ትይዩ ሊዘረጋ ነው፤ ነውር ነው። ላይ እንዳይቀመጡ፣ ሩቅ ነው፣ ካሜራ አያገኛቸውም። መሐል እንዳይሆኑ፣ ለመውጣት ሰው ማስነሳት ሊኖርባቸው ነው። በዚህ ጉዳይ ብቻ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ክብ ሠርቶ የሚጨፈር ጭፈራ ፊትና ጀርባ የለውም ብዬ ብለምንም "ፊቱ ወደ እንግዶቹ ይሁን" አሉኝ። ኧረ በስመ አብ! ክብ እንዴት ነው ፊት የሚኖረው? በመጨረሻ ጎን ላይ ጥላ ያለው ሰገነት ሠርቼላቸው ተገላገልኩ።

ከዚያ ወለሉ ላይ ደረስን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። የሚያናድደውም እሱ ነው። የሚጮህ ሰው ቢሆኑ እኔም ጮኼ ይወጣልኝ ነበር።

"እህቴ፣ ወለሉ ሴራሚክ ይሁን" አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ።

"ጫካ ውስጥ ሴራሚክ?"

"ያምራል። ለመጥረግም ይመቻል።"

"በባዶ እግራቸው የሚጨፍሩ ሰዎች ናቸው፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታቸዋል።"

"እንግዲያው ሊሾ ሲሚንቶ ይሁን። እንጨት ምስጥ ይበላዋል። ደግሞስ የሚያየው ሰው ምን ይላል? ዞኑ ሲሚንቶ አጣ አይልም?"

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። እንጨት ለጉልበት ይስማማል አልኩ። ለድምፅ ጥሩ ነው አልኩ። ውጭ አገር እንዲህ ነው አልኩ። አንዱም ጠብ አላለላቸውም፤ በየስብሰባው ሲሚንቶው ተመልሶ ይመጣል። ቤት ስገባ ጋሼ ፊቴን ያዩና "ምን አሉሽ?" ይሉኛል። "እየተነጋገርን ነው" እላለሁ። እትዬ ከኋላቸው ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደሜ ፈልቶ እህል አልበላ ያለኝ ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ግን ምርር ሲለኝ "የጣውላ ወለል እኮ ኢኮ ፍሬንድሊ ነው፣ ተፈጥሮን አይጎዳም!" ብዬ አፈነዳሁት። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካከሉና "እሱንማ አስቀድመሽ ብትነግሪን ኖሮ" አሉ። ወለሉ በዚያው ጸደቀ። ስንት ጭንቀት ተጨንቄ፣ ለካ መድኃኒቱ ያቺ ቃል ናት!

ጣውላውን ከፈረሰ የቡና መጋዘን አገኘነው፤ የከረመ፣ የማይጣመም እንጨት ነው። ሲገጠም ዝናብ፣ ሲጠረብ ዝናብ፣ ሲቸነከር ዝናብ። ያለቀ ዕለት ኮሚቴውን ሳልጠራ ጋሼንና ቡድናቸውን ወሰድኳቸው። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው መሐል ላይ ቆሙ። ከበሮው ሲጀመር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣቶቻቸው ጣውላው ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ከዚያ ጭራቸውን አነሱና ቡድኑ ተነሣ። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጥተው "እስከ ጉልበቴ ነው የመጣልኝ" አሉኝ። እኔ እንባዬን ዝናብ አስመስዬ ጠረግኩት።

የምርቃቱ ዕለት ጠዋት ቀደም ብዬ ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? መድረኬ ምንጣፍ ለብሷል! ከአዳራሹ የመጣ ወፍራም ቀይ ምንጣፍ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ምንጣፍ፣ ዳር እስከ ዳር። ከበሮዎቹም ለንግግር ማድረጊያው ማይክ ቦታ እንዲለቁ ተብሎ ከመድረኩ ወርደው እርጥብ ሣር ላይ ተደርድረዋል።

"ይነሳ!" አልኩ። "ይኼ ምንጣፍ አሁኑኑ ይነሳ!"

ሰብሳቢው በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው "እንዴ እህቴ፣ እንግዶቹ ንግግር የሚያደርጉት በባዶ ጣውላ ላይ ቆመው ነው? ጋሼስ ቢሆኑ? እንደ እሳቸው ያለ ትልቅ ሰው ምንጣፍ አያንሰውም?" አሉኝ።

"ኢኮ ፍሬንድሊ አይደለም" አልኩ ተስፋ ቆርጬ።

"ምንጣፉ አይተክል አይነቅል፤ ምን ያደርጋል?" አሉና ሄዱ። ልንገራቸው? መሐላው አለ። ዝም ልበል? ሰውየው በአገር ፊት ሊዋረዱ ነው። ጋሼን ፈልጌ ልነግራቸው ስሮጥ እንግዶቹ ደረሱና ሁላችንም በየቦታችን ተገፋን።

ንግግሩ አልቆ ማይኩ እዚያው እንደቆመ ቡድኑ ገባ። ክብ ሠሩ። ጋሼ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው መሐል ቆሙ። ከበሮው ጀመረ። ጋሼ እግራቸውን ምንጣፉ ላይ አሳረፉ፣ አነሱ፣ እንደገና አሳረፉ። ከበሮው ይመታል፤ ጭራው አይነሳም። ተጫዋቾቹ ዓይናቸውን ከእሳቸው ላይ አልነቀሉም። አንድ እንግዳ አጨበጨበ። ሌሎቹ ተከተሉት። ጋሼ ከበሮ መቺዎቹን በዓይናቸው ፈለጓቸው፤ እጃቸውን እንዳያዩ እንኳ ማይኩና ዙሪያው የተደረደረው አበባ ጋርደዋቸዋል። እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቼ እንደ ሞኝ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ጋሼ ወደ ማይኩ ሄዱ።

"ጆሮዬ አይሰማም" አሉ። "ከበሮውን የምሰማው በእግሬ ነው። ይህች ልጅ ይህን ወለል የሠራችልኝ ለዚያ ነው። እባካችሁ ምንጣፉን አንሱልኝ፤ ከበሮዎቹንም ወደዚህ መልሱልኝ።"

ቀድመው የተነሱት ሰብሳቢው ናቸው። ከነኮታቸው ተንበርክከው ምንጣፉን መጠቅለል ያዙ፤ ሌላው ተከተላቸው። ከበሮዎቹ ወደ ጣውላው ወጡ። ጋሼ ቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጭራው ተነሳ። ጭፈራው እንዴት እንደነበረ አትጠይቁኝ፤ እያለቀስኩ ስለነበር በቅጡ አላየሁትም።

ጭፈራው አልቆ ሰብሳቢው አጠገቤ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ያራግፋሉ። "ጆሯቸው እንደማይሰማ እኮ አውቅ ነበር" አሉኝ።

"ምን አሉ?"

"ማን የማያውቅ አለ? ቡድኑም ያውቃል፣ ቢሮውም ያውቃል። ከንፈር እንደሚያነቡ ነበር የምናውቀው፤ የእግራቸውን ነገር ግን ማን ነገረን? እንዳይከፋቸው ብለን ነው ዝም ያልነው።"

"ሊያሰናብቷቸው አልነበረም?"

"ማንን? እሳቸውን? በማን ልንተካቸው?" አሉ ተገርመው።

ራሴን የምመታበት ድንጋይ አጣሁ። ያ ሁሉ ስብሰባ! ያ ሁሉ ውሸት! እኔ ከእነሱ ስደብቅ እነሱ ከእኔ ይደብቃሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ አፉን ቢከፍት ምን ነበረበት?

ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ጋር ባጃጅ ይዘን ወደ ቤት ስንመለስ ፊቴን ወደ እሳቸው አዙሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ጋሼ! እንዳይከፋዎት ብለው ነው! የሚያሰናብትዎት ማንም የለም!" ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ውጭ መለሱ።

"ካወቁ ታዲያ" አሉ፣ "ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ቢያወሩኝ ምን ነበረበት? ልጆቹ እረፍት ላይ ሲቀልዱ አብሬ ስስቅ ኖርኩ። አንዱንም ቀልድ አልሰማሁትም እኮ። አንዱንም!" ከዚያ ወደፊት ጎንበስ ብለው የባለ ባጃጁን ትከሻ ነካ አደረጉ። "አንተስ? አንተም ታውቅ ነበር?"

ሰውዬው ባጃጁን ዳር አስይዞ አቆመ። በመስታወቱ እኔን አየኝ፤ ምን ልበል የሚል አስተያየት ነው። አንገቱን ቀብሮ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ "አዎ፣ ጋሼ" አለ።

"ኧረ ጮክ በል!" ብዬ ጮህኩበት። "ፊትህን አዙርና ጮክ ብለህ ንገራቸው!"