የሙከራው ቫይረስ አደራ

ቫይረስ እንድከላከል ተቀጥሬ፣ እኔው በጭንቀት ልታመም የደረስሁበትን ቀን ላጫውታችሁ።

ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር በሚገኘው ድርጅታችን ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስሁም ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ይዘው ሊመጡ በተባለበት ቀን የኢሜይል ማጣሪያችን ቫይረስ ማሳለፍ ጀመረ። በከተማው ሙቀት ላይ ጭንቀቱ ተጨምሮ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ።

ማጣሪያ የሚፈተንበት፣ ጉዳት የሌለው ግን ሲከፈት ኮምፒውተሩን የሚያስጮህ የሙከራ ቫይረስ አለ። እሱን ለጸሐፊያችን ለእትዬ አስረበብ በኢሜይል ላክሁና «አደራ፣ ከደረሰዎት ሳይከፍቱ ይንገሩኝ» አልኋቸው።

«ደርሷል ልጄ» አሉኝ። ማጣሪያው አላስቆመውም ማለት ነው፤ ክው አልሁ።

ማጣሪያውን ስነካካ ቆይቼ ያንኑ ፋይል ለሠራተኛው ሁሉ ላክሁት። ከዚያ በየቢሮው እየዞርሁ «ፋይል ደርሷችኋል?» ብል ሁሉም «ኧረ አልደረሰንም!» አለኝ። ተመስገን፣ ማጣሪያው ሠራ! በመስኮት ጣናን እያየሁ ተነፈስሁ።

የሥራ አስኪያጁ መኪና ግቢ ገባ። እንግዶቹ ኮሪደሩ ላይ እንደደረሱ ግን ከየቢሮው ኮምፒውተሩ ተራ በተራ ይጮህ ጀመር። ስሮጥ እትዬ አስረበብ ፈገግ ብለው የቢሯቸው በር ላይ ጠበቁኝ።

«ደርሷችኋል እያልህ ስትንከራተት አንጀቴን በላኸው፤ ቅድም ለእኔ የደረሰኝን ፋይል በቢሯችን ቴሌግራም ለሁሉም ላክሁልህ። እኔ እንዳልኸኝ አልከፈትሁትም፤ እነሱ ግን እንዲከፍቱት አደራ ብያቸዋለሁ።»