የቀኝ በሩ ጭረት

ሚስቴ መኪናዬን እስከ ዛሬ ድረስ «ያ ብረት» ነው የምትለው። «ያ ብረት ቤታችን ከገባ ጀምሮ እኔ ሰላም አላውቅም» ትላለች። ትበል። ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የዳውንታውን ዴንቨር ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ እዚያ አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራ ነበር፤ አርብ በመጣ ቁጥር አንድ ሰውዬ መኪናውን ይዞ ሲገባ የተቀመጥኩባት የትኬት ዳስ መስታወት ይርገፈገፋል። መስል ካር ይሏቸዋል አሜሪካኖቹ፤ በስልሳዎቹ መጨረሻና በሰባዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ፣ ሁለት በር ብቻ ያላቸው፣ አፍንጫቸው የረዘመ፣ ከአካላቸው በላይ ሞተር የተሸከሙ መኪናዎች ናቸው። ነዳጅ አይጠጡም፣ ይጨልጣሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጉድ ነው ያልኩት። እኛ አገር የዚህ እኩያ መኪና ታክሲ ሆኖ በሽቦ ታስሮ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ሰውዬው በለስላሳ ጨርቅ እያሻሸ «እባክህ ሌላ መኪና የማይጠጋው ጥግ ስጠኝ» ብሎ ይለማመጠኛል። «ያምሃል እንዴ?» አልኩት በሆዴ። በዓመቱ የታመምኩት እኔ ሆንኩ።

እሑድ እሑድ እኔ በምኖርባት በአውሮራ ከተማ አንድ ሰፊ ፓርኪንግ ሎት ላይ የአሮጌ መኪና ሰብሳቢዎች ኮፈናቸውን ከፍተው ይሰለፋሉ፤ እኔም ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንደለበስኩ መሃላቸው እዞራለሁ። ከኔ ሌላ ሐበሻ የለም። ከነሱ የተማርኩት ትልቁ ነገር፣ ተለፍቶበት የታደሰ መኪና ክብር ቢኖረውም፣ ማንም ያልነካው፣ ፋብሪካው የቀባው ቀለም ከነዝገቱ ከነጭረቱ ያለበት መኪና ከሁሉም እንደሚበልጥ ነው። ያ ቀለም አንዴ ከጠፋ በምንም አይመለስም። ይህን ለሚስቴ ስነግራት «ታዲያ የኛም ማንቆርቆሪያ ሽልማት ይገባታላ!» አለችኝ።

እንዲህ ያለውን መኪና ፓርክ ሂል ከሚባል ሰፈር አገኘሁት። አንድ የፓርኪንጋችን ደንበኛ «አክስቴ ጋራዥ ውስጥ ባሏ ትቶት የሞተ መኪና አለ» ብሎኝ ሄድኩ። ሴትየዋ ሰባውን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው ደክሞ ሰውን በጥላው የሚለዩ ነበሩ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው በኋላ በሌላ ብጠራቸው አይመልሱም ነበር። ጋራዡ ሲከፈት አየሁት። የስልሳ ዘጠኝ ሞዴል ነው፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ከጎማው በላይ ዝገት በልቶታል፣ ቀኝ በሩ ላይ ደግሞ ከእጀታው ሥር ተነስቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ክንድ የሚያህል ጭረት አለ። ማንም አልነካውም። ከኔ በፊት ከሊትልተን አንድ ሰብሳቢ መጥቶ ከኔ የተሻለ ዋጋ ጠርቶ ነበር፤ ግን «እንደ አዲስ አሳምሬ አድሰዋለሁ» ሲላቸው አመስግነው ሸኙት።

«አንተስ ምን ታደርገዋለህ?» አሉኝ።

«ምንም። እነዳዋለሁ።»

«እንግዲያው ውሰደው። ግን ጭረቱን እንዳትነካው። ደግሞ በየዓመቱ ጁን ላይ፣ በጋብቻችን ቀን መጥተህ፣ የኮልፋክስን ጎዳና እስከ ጫፍ ወስደህ ትመልሰኛለህ።»

እጃቸውን ይዤ ቃል ገባሁ። ሁለት ዓመት ቃሌን ጠበቅኩ። ባርኔጣቸውን አድርገው ይወጣሉ፤ ከመግባታቸው በፊት ጭረቱን በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ይዳብሱታል፤ ለብቻቸው ፈገግ ይላሉ፤ ከዚያ ይገባሉ። ልጅ የላቸውም፤ ከባለቤታቸው የቀራቸው ይኼው ነው። ጭረቱን ያወጡት ባለቤታቸው ይሆናሉ ብዬ ገመትኩ እንጂ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ዓመት፣ የዴንቨር በረዶ ቀልጦ ሜይ ሲገባ፣ አባቴ አዲስ አበባ ላይ አረፈ። መርዶውን ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩተው የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ አውሮራ ውስጥ ቦዲ ሾፕ አላቸው፤ የተጋጨ መኪና ያቃናሉ፣ ይቀባሉ። ከዚያ በላይ ግን የሁላችንም አባት ናቸው። ሠርግ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ የተጣላ ባልና ሚስት ቢኖር፣ ጋሼ ሳይገቡበት ነገር አያልቅም። ትኬት አስቆርጠው፣ ሻንጣዬን ራሳቸው ጭነው ሸኙኝ። አገር ቤት ስደርስ ቀብሩ አልፏል። እዚያ የቆየሁበትን ጊዜ ሁሉ እንባ እምቢ አለኝ። አክስቶቼ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ዓይኔን አፍጥጬ እቀመጣለሁ። «አሜሪካ አደረቀው» ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

ስመለስ ጋሼ ከአዲሱ ኤርፖርት ተቀበሉኝ። ያኔ ገና መከፈቱ ነው፤ እስከ አውሮራ መንገዱ ሁሉ ባዶ ሜዳ ነበር። ፊታቸውን ሐዘንተኛ ሊያደርጉ ይሞክራሉ፣ ግን ከሥሩ የሆነ ደስታ ያፈተልካል። ግራ ገባኝ። ቤት ስንደርስ ምክንያቱን ያወቅኩ መሰለኝ። ሐዘንተኛ ከአገር ቤት ሲመለስ ለቀስተኛ ይጎርፋል፤ ስለዚህ ወዳጆች ቀድመው ቤቱን ያሰናዱለታል፣ የኛ ሰው ወግ ነው። ምንጣፉ ታጥቧል፣ ሳሎኑ ቀለም ተቀብቷል፣ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን መጥቷል፣ ሴቶቹ ማጀት ውስጥ ሽር ጉድ ይላሉ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ሳልጨርስ ጋሼ ክንዴን ያዙና «ቆይ፣ አንድ ነገር ቀርቷል፣ ና» ብለው ወደ ጋራዡ ወሰዱኝ።

በሩ ወደ ላይ ተከፈተ።

ጥቁር መኪና ቆሟል። ጥቁር! ያብለጨልጫል፤ የገዛ ፊቴን አየሁበት። ለአፍታ የሌላ ሰው መኪና መሰለኝ፤ እንዲያውም «የኔን የት ወሰዳችሁት?» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ በመስኮቱ መሪው ላይ የተጠቀለለውን ያረጀ ቆዳ አየሁና የኔው መሆኑን አወቅኩ። ወደ ቀኝ በሩ ሮጥኩ። በመዳፌ ደባበስኩት። ለስላሳ ነው። ከእጀታው ሥር እስከ ኋላ ድረስ ለስላሳ ነው፣ ምንም የለም።

«ሰርፕራይዝ!» አሉ ጋሼ ከኋላዬ። «አባቱን አልቅሶ የመጣ ሰው ደጃፍ ላይ የዛገ መኪና አይቆምም። ሐዘንም ስለሆነ ጥቁር አደረግነው፤ ጥቁር ክብር አለው።»

ጮህኩ። «ኡኡ!» ብዬ ነው የጮህኩት፤ ጎረቤት ያሉት ፈረንጆች ሳይቀሩ ወጡ። ራሴን ይዤ ሲሚንቶው ላይ ዘጭ አልኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ከቤት ተገልብጦ መጣ። «ይውጣለት፣ ተዉት፣ ያልቅስ!» ይላል አንዱ። «አይዞህ፣ አባት ነው፣ ይከብዳል!» ትላለች ሌላዋ። ኧረ ለአባቴ አይደለም ልል እፈልጋለሁ፤ ግን ምን ብዬ? አባቱ ሞቶ ለመኪና ቀለም «ኡኡ» የሚል ሰው ይታያችሁ! እነሱ «አባትህ ደግ ሰው ነበሩ አሉ» እያሉ ደጋገፉኝ፣ እኔም ደግነቱ ትዝ አለኝ፣ በቃ፣ አዲስ አበባ እምቢ ያለኝ እንባ አውሮራ ጋራዥ ውስጥ ፈነዳ። ለየትኛው እንዳለቀስኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሼም አቅፈውኝ አብረው አለቀሱ፤ ያንን ጭረት የደፈነውን እጅ ስሜ ተነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እሳት ላይ እንደመቀመጥ ነበር። ለቀስተኛ ይመጣል፣ መኪናውን ያያል፣ «የጋሼ እጅ ይባረክ!» ይላል፤ እኔ «አሜን» እላለሁ። ለቅሶዬን በደረሰ ሰው ላይ በምን አፌ ልቆጣ? የፋብሪካው ቀለም ይቅር፣ እርም ብዬዋለሁ። እማማ ግን? ጁን ደርሷል። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጥተው፣ በዚያ ጣታቸው ምኑን ሊዳብሱ ነው? በመጨረሻ ሚስቴን ማጀት ውስጥ ያዝኳት።

«እንዴት ዝም አልሽ? ስለ ጭረቱ ነግሬሽ የለም ወይ?»

«ለለቅሶ የመጡ ሽማግሌ እምቢ ይባላሉ? ምን ልበላቸው? ባሌ ጭረት ይወዳል ልበላቸው?»

«አዎ፣ በያቸው!»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

ሰውስ አልሰማም፤ እሷ ራሷ ሄዳ ለጋሼ ነገረቻቸው እንጂ። በማግስቱ መጡ። ክው ብለው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ግቡ ብላቸውም አልገቡ። «ምነው ይቺን እጄን በቆረጣት!» አሉ። «የባላቸውን ማስታወሻ ነው በገዛ እጄ ያጠፋሁባቸው በለኛ!» ከዚያ መላ እንዳገኘ ሰው ቀና አሉና «ግድ የለም፣ ጭረቱን መልሼ ልሥራልህ። የት ጋ ነበር?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው።

«ጋሼ! ጭረት በትእዛዝ ይሠራል እንዴ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

በሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን «እሺ። እንግዲያው እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ።

ሄድን። ጋሼ ከረባታቸውን አስረው ከኋላ ተቀምጠዋል። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳወጣ ሳወርድ ፓርክ ሂል ደረስን። እማማ በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የሚያዩት ጥላ ብቻ ስለሆነ ቀለሙን አልለዩትም፤ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ፈገግ አሉ። ምናለ ሳያውቁ ቢገቡ ብዬ ተመኘሁ። እጃቸው ግን በሩን ፈለገ። እጀታውን አገኘ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ኋላ ሄደ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ያ ፈገግታ ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ ቆሜ አየሁ፤ ምነው ዓይኔ ባላየ አልኩ።

«የኔ መኪና አይደለም» አሉ።

«የእርስዎ ነው፣ እማማ» ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም አፈረጥኩት፤ አባቴ መሞቱን፣ ወዳጆቼ ሐዘኔን ሊያቀሉልኝ ብለው ማደሳቸውን፣ ያደሱት ሽማግሌ አብረውኝ መምጣታቸውን። ሳልጨርስ ጋሼ በዚያ ዕድሜያቸው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩና የእማማን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እማማ ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ምን እያደረገ ነው ሰውዬው?»

«ይቅርታ እየጠየቁ ነው። የኛ ወግ ነው።»

«አስነሳው፣ ሱሪው ይቆሽሻል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጉንጬን ዳሰሱኝ። «አባትህ ሞቶ እኔ አልሰማሁም?» አሉኝ። እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን ስጠኝ።»

ሊነጥቁኝ ነው፣ እውነታቸውን ነው አልኩ በልቤ። ሰጠኋቸው። በግራ እጃቸው እጀታውን ያዙ፣ በጣታቸው ከሥሩ ለክተው ቦታውን አገኙ፣ የቁልፉን ጫፍ አስደገፉና ባላቸው ኃይል ተጭነው ወደ ኋላ ጎተቱት። ጥርስ የሚያጠርስ ድምፅ ወጣ። «በስመ አብ ወወልድ!» አሉ ጋሼ፤ የለፉበትን ቀለም ላለማየት ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«መጀመሪያም የጫርኩት እኔ ነኝ» አሉ እማማ እያለከለኩ። «መንዳት ሊያስተምረኝ ያወጣኝ ቀን ከጎረቤት አጥር ጋር አጋጨሁት። አዲስ መኪናው ነበር። ይገድለኛል ብዬ ስጠብቅ በሳቅ ፈረሰ። እስኪሞት ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያንን ጭረት ያሳይ ነበር።» አዲሱን ጭረት በጣታቸው ዳበሱት። «ያኛው ቀጥ ያለ ነበር፤ አርጅቻለሁ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥቁሩ ተልጦ ከውስጡ አረንጓዴ ብቅ ብሏል። ጋሼ አሮጌውን ቀለም አልፋቁትም፤ ከላይ ነበር የቀቡበት።

«እማማ! አረንጓዴው እኮ ከሥር አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«የት ይሄዳል ብለህ ነው?» አሉና ቁልፉን መልሰውልኝ በሩን ከፍተው ገቡ። «በል ንዳ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ።»