አባባና የጠረፉ ጠበቃ

ባለፈው ሳምንት ከሜስኪት ወደ ዳላስ ስነዳ ትራፊኩ ቀጥ አለ። ከጎኔ በቆመው የተማሪዎች አውቶቡስ ውስጥ አንድ ልጅ የወረቀት ጺም ለጥፎ፣ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ደፍቶ በመስኮት ያየኛል። ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ የድሮው ንዴቴ ተነሣ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የታሪክ አስተማሪያችን ለእያንዳንዳችን አንድ የጥንት ሰው ሰጥተው "እሱን ሆናችሁ ሕይወታችሁን ተርኩ" አሉን። ለእኔ ጠበቃ ደረሰኝ። በአሜሪካ ምሥራቅ ተወልዶ፣ ሕግ አጥንቶ፣ ገና ስቴት ወዳልሆነ ጠረፍ በፈረስ ሄዶ የአገረ ገዥው ጸሐፊ የሆነ ሰው። አገረ ገዥው ብዙ ጊዜ ስለማይገኙ አገሩን የሚያስተዳድረው እሱ ነበር። ከተማ ይቆረቁራል፣ መሬት ይሸነሽናል፣ ነባሮቹን የአሜሪካ ሕንዶች ውል እያስፈረመ ከመሬታቸው ያስነሣል።

እኔ ባርኔጣ አድርጌ ትንሽ አውርቼ መቀመጥ ነበር ያማረኝ። ግን አባባ ሰሙ። አባባ ደሴ ከተማ ውስጥ ዳኛ ነበሩ፤ እዚህ ግን ግራንድ ፕሬሪ ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭኑ ነበር። የጎረሱትን ምስር ሳይውጡ ጀመሩኝ።

"ፈረሱን ተዪው። ሰዎቹ እንዴት ፈረሙ?"

"አባባ፣ የክላስ ፕሮጀክት ነው እኮ!"

"አስተርጓሚ ነበራቸው?"

"አላውቅም!"

"ታዲያ ምኑን አጠናሽው?"

ሳምንቱን ሙሉ አቃጠሉኝ። ቁርስ ላይ ጥያቄ፣ መኪና ውስጥ ጥያቄ። እናቴ "ኧረ ልጅቷን ይተዉአት" ብትልም አልሰሟትም።

የማቀርብበት ዕለት ፈረቃ ቀይረው ትምህርት ቤት መጡ፤ በዚያ በቴክሳስ ሙቀት ወፍራም ሱፍ ለብሰው። ንግግሬን ሳልሳሳት ጨረስኩ፣ ተጨበጨበልኝ። አስተማሪዬ "ጥያቄ ያለው?" ሲሉ አባባ እጃቸውን አወጡ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

በዚያ ከባድ እንግሊዝኛቸው፣ እኔን ሳይሆን ጠበቃውን ጠየቁ። "ጌታዬ፣ እርስዎ ለመንግሥት ቆመው ነበር። የእነዚያ ሰዎች ጠበቃ ማን ነበር?"

ከኋላ አንዱ ሳቀ። መልሱን የትም አላነበብኩም።

"ማንም አልነበረም" አልኩ።

"አመሰግናለሁ" ብለው ተቀመጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ጮህኩባቸው። "ለምን ያዋርዱኛል?"

ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣ "እኔም ፈርሜያለሁ" አሉ። "ዳኛ ሳለሁ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያልተናገረ ገበሬ ከመሬቱ እንዲነሣ።"

አባባ ካረፉ ቆዩ። እስከ ዛሬ ግን ያበሳጩኛል። አንድ ቀን ቁጭ አድርገው ነገሩን ሁሉ በአማርኛ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? የማናውቀውን አሜሪካዊ አስቀድመው፣ በሰው ፊት፣ በእንግሊዝኛ! ያንን ጠበቃ ከዚያ ወዲያ ልጠላው ሞከርኩ፤ በጠላሁት ቁጥር ግን የአባቴ ፊት እየመጣብኝ አልሆነልኝም።