ጦም ያደረ መሬት

የበደለኝ ጌታሁን ነው፤ የገዛ እህቴ ልጅ፣ የዚሁን የቡልቡላ መሬቴን በቆሎ እየበላ ያደገ። አሁን አዳማ ቢሮ ተቀምጦ፣ ሳተላይት ባነሳው ፎቶ ለፋብሪካ ማገዶ የሚሆን ዛፍ የሚተከልበት ጠፍ መሬት ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት መጣና ታብሌቱን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። መሬቴ ቀይ ተቀብቷል።

«ቀዩ ምንድነው?» አልኩት።

«ጠፍ ማለት ነው፣ እቴቴ። ማንም የማያርሰው።»

«ፎቶው መቼ ተነሳ?»

«አምና፣ ክረምት ላይ።»

አምና ክረምት ባሌን የቀበርኩበት ነው። በሬ የሚጠምድ ታጥቶ መሬቱ ጦሙን አደረ። ሬሳውን አፈር ካለበሱት አንዱ ይኸው ጌታሁን ነበር።

«ጦም ያደረና ጠፍ አንድ ነው እንዴ? እኔም ስንት ቀን ጦሜን አድሬያለሁ፤ በላዬ ባሕር ዛፍ ልትተክልብኝ ነው?»

አቀረቀረ። «እኔ አላልኩም እቴቴ፣ ሳተላይቱ ነው ያለው። ዝርዝሩም ወረዳ ደርሷል፤ ነገ ከሰዓት ሊለኩት ይመጣሉ።»

ሳተላይቱስ አያውቀኝም፤ አንተስ? ብዬ ሸኘሁት።

በማግስቱ ማለዳ የጎረቤቴን በሬዎች ለምኜ አስጠመድኩና፣ ሴት ስታርስ ታይቶ በማይታወቅበት ቀዬ፣ ከሌን እንደለበስኩ እርፍ ጨበጥኩ።